የሟቾችን ፊት የሚሰበስበው ሲላስ

ሰላም ሲልህ ዓይንህን የማያይ ሰው በየከተማው አይጠፋም። አንዱ አፍሮህ ነው፣ ሌላው ንቆህ። ሠዓሊ ግን አፍንጫህን እያየ ነው። እጅህን ጨብጦ ስለ ልጆችህና ስለ ቡናህ ይጠይቅሃል፤ መልስህን ሳይሰማ ከቅንድብህ እስከ አገጭህ ወርዶ ይመለሳል። ስትለየው ፊትህን አጣጥፎ ኪሱ የከተተብህ ይመስልሃል።

በሚዛን ተፈሪ የዚህ ነገድ አለቃ ክቡር ሠዓሊ ሲላስ ነበር። ክብሩን የሰጡት ሹሞች አይደሉም፤ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ንጋቷ ናት። ለምሳ ሲገባ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ክቡርነትዎ እጅዎን ይታጠቡ። ትናንት አረንጓዴ እንጀራ በልተዋል።»

«ቀለም አይገድልም እትዬ።»

«አንተን አይገድልም። ቀሪውን የሚበላው ሰው ነው ያሳሰበኝ።»

ሲላስ የመጣው ከደቡብ ሱዳን ነው። ገና ጢም ሳያበቅል ጦርነቱ ከእናቱ ጓሮ አስነስቶ በእግሩ አባረረው። በዲማ የስደተኞች ሰፈር የክሊኒኩን ግድግዳ ሲቀባ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አይቶት የመኪናውን በር እንዲሥልለት ለመነው። እሱም አንበሳ ሣለበት። መኪናው ሚዛን ሲገባ የመናኸሪያው ውሾች በሙሉ እስከ አማን ድረስ ሸሹ ይባላል። ከተማው «የዚህ አንበሳ ባለቤት ማነው?» ብሎ አስጠራው፤ ሲላስም አንበሳውን ተከትሎ መጣ፣ በዚያው ቀረ።

ንጋቷ በመጀመሪያ ያዘዘችው ፏፏቴ ነበር። ከሥሩ ሁለት አጋዘን ውሃ ሲጠጡ። ደህና ምግብ ቤት ሁሉ ያኔ እንደዚያ ነበር። ሲላስ እሺ ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠና ሰው ሲበላ እያየ ሰነበተ። ሥራውን የጋረደበት መጋረጃ ሲነሳ ግድግዳው ላይ አጋዘን የለም፤ ደንበኞቿ ራሳቸው ተደርድረው ይበላሉ። የማር ነጋዴው ባዘዘው አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ ጉርሻ ይጠብቃል።

«ምነው አፌን ብትዘጋልኝ?» አለ ባዘዘው።

«ዘግተኸው አይቼ አላውቅም» አለው ሲላስ።

ባዘዘው ከዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም ብሎ ማለ። በማግስቱ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ወንበር ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ሌላ ቦታ አይበላም።

«ፏፏቴዬስ?» አለች ንጋቷ።

ሲላስ ጥግ ላይ እጁን የሚታጠብ ሰው አሳያት። ከማንቆርቆሪያው ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ማንቆርቆሪያውን የያዘችው እሷው ነበረች፤ ወገቧ ላይ የታሰረው ሽርጥ ሳይቀር። ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳትቆጣ ቀረች።

ይህ ሁሉ ግን የሠለጠነ እጅ ያለው ሁሉ የሚሠራው ነው። የሲላስን ክብር በእውነት ክብር ያደረገው የሟቾች ሥራው ነው። ያኔ ከቡና ጫካ ሳይወጣ፣ ካሜራ ፊት ሳይቆም የሞተ ሰው ብዙ ነበር። ለሙት ዓመቱ ፎቶ ሲፈለግ ይጠፋል። ይህን ጊዜ ወደ ሲላስ ይኬዳል። እሱም አንዲት ንግግር ነበረችው፦

«ሰው ሲሞት ፊቱ አይቀበርም። ለዘመድ ይከፋፈላል።»

ዘመድ ይሰበሰብና አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሲላስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እንደ ዳኛ ከፊታቸው ይመላለሳል። «ግንባሩን ማን ወሰደ? ጆሮው ማን ጋ ነው?» ዘመድ እርስ በርሱ ይጠቋቆማል፣ ይሟገታል፣ ይኮራረፋል።

የእማማ በየነች ባለቤት በሞቱ ጊዜ የሆነው እስከ ማሻ ድረስ ተወርቷል። የበኩር ልጃቸው ሙሴ ቤቱንም የቡናውን መሬትም የወረሰ ነውና አግዳሚው መሃል ላይ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ሲላስ ዞሮ ዞሮ አየውና፦

«አንተ የግራ ጆሮ ብቻ ነህ» አለው።

ይህን ጊዜ ማንም ያልጠራት የመጨረሻዋ ልጅ ሳባ ውሃ ይዛ ገባች። ሲላስ እጁን አነሳ።

«ይቺን ማን ደበቃት? ግንባሩ እዚህ ነው። ዓይኑ እዚህ ነው። አፉ እንኳን ሳይቀር።»

ሙሴን ትንሽ ገፋ አድርጎ ልጅቷን መሃል አስቀመጣት። ሙሴ እስከ ዛሬ «ባለ ጆሮው» ነው። ሥዕሉ አልቆ በተገለጠ ቀን ደግሞ እማማ በየነች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ባለቤታቸው ከውጭ ሲገቡ እንደዚያ ነበር የሚነሱት። ንጋቷ ይህን በዓይኗ አይታለች፤ ስታወራው አሁንም ክንዷን ታሻሻለች።

ጠብ የሚነሳው በሥዕሉ ብርሃን ነው። የኦርቶዶክስ ደንበኞቹ ከሟቹ ራስ በላይ ትንሽ ብርሃን ቢጤ እንዲጨምር ይፈልጋሉ፤ ጋሼ ጴጥሮስን የመሰሉ ጴንጤዎች ደግሞ ከኋላ አምፖል እንኳን እንዳይታይ ያስጠነቅቃሉ። ሲላስ ለሁሉም «ፀሐይ ከጎን ናት» ይልና ጉንጩን ብቻ ያበራዋል። ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን ብለው ይሄዳሉ።

የክቡር ሠዓሊ ድክመቱ ጢሙ ነበር። ደረቱ ላይ የሚወርድ፣ በጣቱ የሚያበጥረው፣ የቄሶቹ ሁሉ ቅናት የሆነ ጢም። ፀጉር አስተካካዩ ታምሩ ሲላስ በሱቁ ባለፈ ቁጥር ምላጩን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል።

«ሲላስ፣ በነጻ።»

«ጢሜ የሱቄ ታፔላ ነው። ታፔላ አይላጭም።»

«ያንን ጢም ሳልላጭ ብሞት ከመቃብሬ ላይ ጢም ይበቅላል።»

«ያኔ መጥቼ እሥለዋለሁ።»

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከዲማ የመጣ ሰው ምግብ ቤቱ ገባ። ረጅም፣ አቧራ የለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ። ሲላስ አጠገብ ተቀምጦ በአገራቸው ቋንቋ በቀስታ አወራው። ሲላስ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«እናቴ» አለ ለንጋቷ። እሷም ሬዲዮውን ዘጋች።

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ጴጥሮስ ናቸው። «አስከሬን የለ፣ ዘመድ የለ፣ ድንኳኑ ለማን ነው?» ያላቸው አባል ነበር። «ለእሱ» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ፤ ድንኳኑ ንጋቷ ደጅ ላይ ተተከለ። ዝናቡ አላቋረጠም፤ ሸራው ሆዱ ያበጠ ይመስል ውሃ ያዘ። ሕዝቡ ግን መጣ። በሲላስ እጅ አባቱን መልሶ ያየ፣ ሚስቱን መልሶ ያየ፣ ሁሉም መጣ።

አንድ ሰው እንደ ልማዱ ለፎቶ የሚሆን ትንሽ ጠረጴዛ ነጭ ልብስ አልብሶ ፊት ለፊት አስቀምጧል። ላዩ ባዶ ነው። የሚገባው ሁሉ ያየዋል፣ ያፍራል፣ ዓይኑን ያሸሻል። የሚያነሳው ግን አልተገኘም።

ንጋቷ አላስቻላትም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለምን አትሥላትም?»

«ጠፍታብኛለች እትዬ። ድምጿ አለ። እጇ አለ፣ ማሽላ ስትፈጭ አየዋለሁ። ከእጇ ወደ ላይ ቀና ስል ግን...» በመዳፉ አየሩን ጠረገው። «እህት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ማንን አግዳሚ ላይ ላስቀምጥ?»

ንጋቷ እንደምትቆጣው አየችው። ስታዝን እንደዚያ ናት።

«የሰውን ሁሉ ድርሻ ታውቃለህ። ያንተ ድርሻ የት ሄደ?»

«የኔ?»

«ፊት አይቀበርም ብለህ የለም እንዴ? ታዲያ እዚህ ቁጥቋጦ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

በጣቷ ጢሙን አመለከተች። ድንኳኑ ውስጥ አንዳንዱ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ሲላስ ግን አልሳቀም። እጁን ጢሙ ውስጥ አስገብቶ አገጩን ዳበሰ፤ ጨለማ ውስጥ የገዛ ቤቱን በር እንደሚፈልግ ሰው ቀስ እያለ። ከዚያ ተነስቶ በዝናቡ ወጣ።

ታምሩ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሲያይ ደነገጠ። ሐዘንተኛ ጢሙን ያሳድጋል እንጂ አይላጭም፤ ይህንንማ ሕፃንም ያውቀዋል።

«ዛሬ አልነካህም ሲላስ። እናትህ ሞታ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ስንት ዘመን ለመንከኝ።»

«ሌላ ቀን። በገንዘብህም ቢሆን ሌላ ቀን።»

«እናቴ ከሥሩ ናት» አለው ሲላስ።

ታምሩ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። ከዚያ ሳሙናውን አረፋ አደረገ። ለዓመታት የተመኘውን ጢም ከጉንጩ ጀምሮ ይላጭ ጀመር፤ ከበሩ ላይ ተከትለው የመጡት ሽማግሎች ሲያጉረመርሙ ጋሼ ጴጥሮስ «ዝም በሉ፣ ይሥራ» አሏቸው። ጢሙ ሲወድቅ ከሥሩ ክብ፣ ለስላሳ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ አገጭ ወጣ። ማንም አይቶት የማያውቅ፣ ባለቤቱም የረሳው። ሲላስ መስተዋቱን ብዙ አየ። በአገሩ ቋንቋ አንድ ቃል ተናገረ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ እዚያ አልነበረም፣ ያልገባው ግን የለም። ታምሩ ዞሮ ጢም ያልወደቀበትን ወለል ይጠርግ ጀመር። ጢሙን አልጣለውም፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ አኖረው። መስተዋቱንም ከግድግዳው ነቅሎ ለሲላስ አሸከመው።

ሲላስ በንጋቷ ዕቃ ቤት፣ በቡናው ጆንያዎች መሃል በሩን ዘግቶ ሠራ። ድንኳኑ ሊነሳ ሲል ሥዕሉን ይዞ መጣና ባዶው ጠረጴዛ ላይ አቆመው።

አንገቷ ላይ ጨሌ ያሰረች ሴት። አገጩ የሲላስ ነው፣ ጉንጩ የሲላስ ነው፤ ዓይኖቹ ግን ከሲላስ ይልቅ ብዙ ዘመን ሰው የጠበቁ ናቸው። ፀሐይ ከጎን ናት። ሰው ሥዕሉን ያያል፣ ወደ ልጁ ይዞራል፣ መልሶ ሥዕሉን ያያል። ባዘዘው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የሳቀበት የለም።

እማማ በየነች ብድግ አሉ። እሳቸው ሲነሱ ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ። ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና ለሩቅ መንገደኛ እንደሚናገሩ ጎንበስ ብለው፦

«አይዞሽ፣ ልጅሽ እኛ ዘንድ ነው» አሉ። «ደህና ይበላል።»

ሲላስ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ጢሙ ተመልሶ አደገ። ታምሩ ምላጩን ዳግም ከፍ አድርጎ አላሳየውም። ሲላስ ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ፍለጋው ተመለሰ፤ ሰላም ሲል አሁንም መልስህን አይሰማም። የተለወጠው ከተማው ነው። ዛሬ ሲላስን የሚያገኝ ሁሉ ዓይኑን አያይም። ከጢሙ ሥር የሆነ ሰው ይፈልጋል። ንጋቷ ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች፤ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገጩን አገጩን እያየች «እንዴት አደሩ?» ትላለች።

«ደህና እትዬ። ዓይኔ እኮ እዚህ ላይ ነው።»

«እጅህን ታጠብ» ትለዋለች ውሃውን እያወረደች። «አንተን ማን ሰላም አለህ።»