ላስቲክ የማይልጡት ረፋቀት ቻቻ

ካራቺ ውስጥ ውሃ የሌለው ፎቅ አለ፣ መብራት የሌለው ፎቅ አለ። ካቻቢቴ ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ የሚዞር ሽማግሌ የሌለው ፎቅ ግን የለም። የእኛው ክቡርነታቸው ረፋቀት ይባላሉ፤ ትንሹም ትልቁም ቻቻ፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። ከባቡር ሐዲድ ጥገና ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባቡሩ ተገላገለ፤ እኛ ተያዝን።

"ብሎን ያለው ነገር ይፈታል" ይላሉ። እውነት ነው፣ ይፈታል። ጣጣው መልሶ መግጠሙ ላይ ነው። ሊፍቱን ከጠገኑት ወዲህ ሦስትን ስንጫን አምስተኛ ፎቅ እንወጣለን። ስናማርር "ታዲያ ሁለት ፎቅ መውረድ ያቅታችኋል?" ብለው ይቆጡናል። የጎረቤታችን የሃጂ ሙሽታቅ ቬንትሌተር በእሳቸው እጅ ካለፈ በኋላ የሚነፍሰው ወደ ላይ ብቻ ነው። ጣሪያው ጉንፋን ሳይዘው አይቀርም።

ሁለተኛው ሕጋቸው ላስቲክ ነው። ፍሪጃቸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከነላስቲኩ ቆሟል። በሙቀት ወራት ከሶፋቸው ስትነሳ ትንሽ ቆዳ ትተህ ነው። እርግጥ ማናችንም ከዚህ ነፃ አይደለንም፤ የእኔም ሪሞት እስካሁን ከነላስቲኩ ነው። ቻቻ ግን "የተላጠ ዕቃ ያው አሮጌ ነው" ብለው ደንግገዋል።

ባለቤቴ ሱምቡል ባንክ ትሠራለች። ማታ ማታ በጌም ማሽኗ አንድ መንደር ስትገነባ አራት ዓመቷ ነው። ድልድይ አላት፣ ወፍጮ አላት፣ በስም የምታውቃቸው ሦስት መቶ ገበሬዎች አሏት። የእህቶቼን ስም ግን ዛሬም ታምታታለች። መንደሩ ሰፍቶ ሰፍቶ ማሽኑ ሞላ። እኔም ማሽኑ ውስጥ የሚገባ፣ ማስቲካ የምታክል ተጨማሪ ሜሞሪ ገዛሁ። ሱቅ ወስጄ ላስገጥም ነበር ሐሳቤ። ምን ያደርጋል፣ ቻቻ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

"ምንድነው የያዝከው?"

"ምንም አይደል ቻቻ፣ ብስኩት ነው።"

"የአምስት ዓመት ዋስትና ያለው ብስኩት? ና ግባ፣ ልግጠምልህ።"

ቤቱ የኔ፣ ግባ ባዩ እሳቸው። ቢስሚላህ ብለው ማሽኑን ፈቱ። ሱምቡል ከራሳቸው በላይ ቆማለች።

"ቻቻ፣ መንደሬን አደራ።"

"ልጄ፣ ስንት ባቡር በሰላም አሳልፌ መንደር ያቅተኛል?"

ለነገሩ ሜሞሪዋን ልክክ አድርገው ገጠሟት። መንደሩን ወደ አዲሱ አዛወርን፤ እኔም አፌ አያርፍም፣ አመሰገንኳቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ እንደ ምጣድ ጋለና ጠፋ። ስናበራው ሜሞሪ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። የሱምቡል ፊት አመድ መሰለ።

ራሴ ፈታሁት። ሙቀቱን የሚስበው ብረት ሥር፣ "ሳይገጠም ይላጥ" የሚል ቀይ ጽሑፍ ያለበት ላስቲክ እንዳለ ተቀምጧል።

"ቻቻ፣ ይኼን ለምን አልላጡትም?"

"አዲስ ዕቃ ነዋ ልጄ። ገና ከመግባቱ ያርጅ እንዴ?"

ሱምቡል ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብታደርግ ይሻል ነበር። "ቻቻ፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ዕቃ እንዳይነኩ" አለቻቸው። እሳቸውም ካቻቢቴያቸውን ደረት ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

ላስቲኩን ልጬ፣ ማሽኑ እስኪበርድ ጠብቄ መልሼ ገጠምኩት። መንደሩ ተመለሰ። ሦስት መቶውም ገበሬ ምንም እንዳልተፈጠረ ይኮተኩታል። ሱምቡል አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ከዚያ በኋላ ለስድስት ቀን በራችንን ያንኳኳ የለም። ልጨፍር ይገባኝ ነበር። የሃጂ ሙሽታቅ ቬንትሌተር ጭራሹን ቆሞ ቻቻን ቢያስጠሯቸው፣ "የኔ እጅ ከእንግዲህ አይረባም" ብለው መለሷቸው አሉ። በማግስቱ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ የደረት ኪሳቸው ባዶ ነው። አንጀቴን በሉት። ማታ ለሱምቡል ነገርኳት፤ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ዓርብ ከጸሎት ስመለስ በሩ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። በቅቤ ቢላዋ የበሩን እጀታ ብሎን ትፈታለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እጀታው ላልቷል።"

"አንቺ እኮ ነሽ አሁን..."

"ላልቷል አልኩህ" አለችኝ፣ ብሎኑን መዳፏ ውስጥ እየደበቀች። "ውረድና ቻቻን ጥራልኝ። ካለ እርስዎ የሚያውቅበት ሰው ጠፋ በላቸው።"

ቤት እንኳ ሳልገባ ወረድኩ።