በቀለ የተደገፈው ስኮርታ

የበደለኝን ሰው ስሙን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በቀለ ይባላል። የልጄ ባል ነው። የፒክአፔም ሾፌር እሱ ነው። አማችን ሾፌር ማድረግ ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። ብትቆጡት ልጃችሁ ታኮርፋለች፤ ዝም ብትሉት መኪናችሁ ታልቃለች።

ይኼ በቀለ ሁለት ነገር አድርጎኛል። አንደኛው የአፍ ነው። እኔ እግዜር ይመስገን አጥንቴን ብቻ ይዤ የምዞር ሴት አይደለሁም። ጋቢና ስገባ መኪናዋ በእኔ በኩል ትንሽ ዘንበል ትላለች። ታዲያ አንድ ቀን ሰፈርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "እትዬ ሲገቡ መኪናዋ እጅ ትነሳለች" አለ። ጎረቤት ሳቀ። ልጄም ሳቀች፤ የሷን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም። ሐኪሙ ደግሞ ኪሎ ቀንሺ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እንግዲህ በሐኪምም በአማችም መያዝ ነው።

ሁለተኛው የስኮርታው ነገር ነው። ስኮርታ መቼም ታውቃላችሁ፣ ጎማ ሲፈነዳ የሚቀየረው ትርፍ ጎማ ነው። የእኛ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ነበር የሚታሰረው። በቀለ መንገድ ላይ ይንኳኳል ብሎ አወረደው። አውርዶስ የት አደረሰው? ከሰዓት ጫት የሚቅምበት ክፍል ወስዶ፣ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ትራስ አልብሶ መደገፊያ አደረገው። እኔ ይኼን በየት ልወቀው? እኔ ስኮርታ አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ መንገድ እወጣለሁ፤ እሱ ስኮርታዬን ተደግፎ የዓለምን ችግር ይፈታል።

ይህች መኪና ለእኔ መኪና ብቻ አይደለችም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ወርክሾፕ ሰው ነበር። ከሥራው ሲወጣ ያለውን ጥሪት ሁሉ አራግፎ የገዛት ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ ከመልካ ጀብዱ ሽንኩርት እያመላለሰች ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። እኔን፣ ልጄን፣ በቀለን፣ የበቀለንም ጫት ጭምር። እሷ ሄደች ማለት ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ይኼን ያዙልኝ።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ጎማ ሲያስቸግረው አይደነግጥም ነበር። አንድ ጊዜ ከሐረር ሲወርድ ደንገጎ ላይ ጎማው ተነፈሰበት። ያኔም ስኮርታ የለ። ምን ያደርጋል? ሳር አጨደና ጎማው ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ጠቅጥቆ፣ ቀስ እያለ ቤቱ ገባ። እኔ ይኼ ሰው ምን ዓይነት አእምሮ ነው ያለው ብዬ ስገረም፣ የጎረቤት ፍየሎች መኪናዋን ከበው ጎማዋን አላስነካ አሉን። እስኪጨርሱት ድረስ ጠበቅን። የእሱ ብልሃት እንዲህ ነበር፤ የእኔ ደግሞ አሁን ታዩታላችሁ።

ነሐሴ ነው። ሽንኩርት ጭነን ከመልካ ጀብዱ ድሬዳዋ ገባንና የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ጋ ደረስን። አንድ ከባድ መኪና መሃል ላይ ተሰብሮ መንገዱን ዘግቶታል። ባጃጁ ይጮሃል፣ ሰዉ ይሰዳደባል፣ ሙቀቱ አንጎል ያቀልጣል። በቀለ እንጠብቅ አለ። እኔ በአሸዋው አቋርጥ አልኩት። ደቻቱ መቼም ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለው በክረምት ጥቂት ቀን ነው። በቀለ በጣቱ ወደ ተራራው አሳየኝ፤ ጠቁሯል አለኝ። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንዲት ደመና የለችም። ምን ጠቁሯል ነው የምትለው፣ ንዳ አልኩት።

የድሬ ሰው እኮ ሰማይ አያይም። ተራራውን ነው የሚያየው። ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው፤ እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ቤት ጠርጎ ይሄዳል። ይኼን እኔ ጥርስ ሳላወጣ ነው ያወቅሁት። ታዲያ ለምን ሰማይ አየሁ? ተራራውን ያሳየኝ በቀለ ስለሆነ ነዋ።

መሃል አሸዋው ላይ አንድ ሹል ድንጋይ ነበር። ዷ አለ። መኪናዋ ከኋላ በግራ በኩል ቁጭ አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጎሚስታው፣ ጎማ የሚነፋልን ሰውዬ ማለቴ ነው፣ እመት ይኼ አገር ሙቀት ነው፣ ጎማ እንዲህ ተወጥሮ አይነፋም፣ ድንጋይ ሲያገኘው አይለመጥም፣ ይፈነዳል ብሎ ለምኖኛል። እኔ ግን የረገበ ጎማ ሳይ የከሰረ ነጋዴ ነው የሚመስለኝ። ሰዉ መኪናዋ ደከመች እንዲል አልፈልግም። ጢም አድርገህ ንፋ እለዋለሁ። ጢም አድርጎ ይነፋል። እንግዲህ ጎማውን ያፈነዳው ማነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ድንጋዩ ነው እላለሁ።

ወርጄ ስኮርታውን አውጣ አልኩት። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ባዶ። የት አባቱ ገባ አልኩት። መሬት መሬት እያየ፣ "እትዬ… ስኮርታውን ተደግፌዋለሁ" አለ። አርባ ዓመት ከወንድ ጋር ኖሬ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ሰው ተሰበሰበ። ጎማ ሲፈነዳ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ይመጣና ጎማውን በእግሩ ይመታዋል። ለምን? ቢመቱት ይነሳል? አንዱ ይመታል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው የመታው እንዳልበቃ ሁሉ ይደግማል። አንዱም ከመታ በኋላ፣ አቦ ሞቷል አለ፣ የልብ ሐኪም ይመስል። ክሪኩን አወጡና ሊያነሷት ሞከሩ፤ ክሪኩ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። መኪናዋ እንደሆነች አንድ ጣት አልተነሳችም። በቀለ እንግዲያው በጉልበት እንንዳት ብሎ ሞተር አስነሳ። ጎማዎቹ ዞሩ፣ አሸዋውን ቆፈሩ፣ እሷም ይበልጥ ተቀበረች።

ሀዋ የወረደችው ይኼኔ ነው።

ሀዋ ዳር ላይ፣ ከአንዲት የዳስ ጥላ ሥር የግመል ወተት በጀሪካን የምትሸጥ ሶማሌ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል። እኔና እሷ ብዙ ዓመት ተላልፈናል እንጂ ተነጋግረን አናውቅም። ወተቷ ጭስ ጭስ ይላል፤ ዕቃውን በጭስ ነው የሚያጥኑት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬን እይዛለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም እሷ እየሰማች፣ ይኼን ጭስ ምን ሰው ይጠጣዋል ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬአለሁ። ሳቀችብኝ። የሳቀችብኝን ነው የያዝኩባት እንጂ እኔ የተናገርኩትን አይደለም።

መጣችና ማንንም ሳታናግር፣ የፈነዳውን ጎማ ዞር ብላም ሳታየው፣ ወደ ደህናው ሄደች። ቁጢጥ አለች። የመንፊያውን ቆብ ፈታች። በምስማር ጫን። ፉስስስ። ደህናው ጎማዬ ተነፈሰ! ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄደች። እኔ ምን ልበል? አንድ ጎማ ፈንድቶብኛል፣ ይቺ ሦስቱን ልትገድልብኝ ነው። ቂሟን ልትወጣ ነው የመጣችው አልኩ። በጃንጥላዬ ትከሻዋን ነካ አደረግኳት። ነካ ነው ያልኩት፤ ሌላ ሰው መታቻት ቢላችሁ አትመኑ።

ቀና ብላም አላየችኝ። "ሆዮ፣ የከረረ ጎማ አሸዋ ይቆፍራል" አለችኝ። "የላላ ጎማ የግመል እግር ነው። ግመል አሸዋ ላይ ሲሰምጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሆዮ ማለት በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። አንቺ ማለቷን አትታዘቡባት፤ እዚህ አገር አንቱታ ብዙም አይሠራም። የግመልን እግር ስንት ዘመን አይቻለሁ! ሲረግጥ እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ ይላል፣ ሲያነሳ ይሰበሰባል። አንድም ቀን ለምን ብዬ አላሰብኩም። ኋላ ሲነግሩኝ፣ ለካ እሷ በጉብዝናዋ ዘመን ከባሏ ጋር በጭነት መኪና በረሃ ለበረሃ እስከ ጠረፍ ስትመላለስ የኖረች ሴት ናት። እኔ ወተት ሻጭ ብቻ ነበረች የምትመስለኝ።

ሽንኩርቱን አራግፉና ጆንያውን ከጎማው ፊት አንጥፉ አለች። ሽንኩርቴን? አልኩ። አራገፉት። በቀለ አሸዋውን በእጁ ይቆፍራል። አካፋ የለም፣ በጥፍሩ ነው የሚቆፍረው።

ይኼኔ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ባቡር ነው የመሰለኝ። የድሮው ባቡር ከቆመ ስንት ዓመቱ! እኔ ግን ለአንዲት አፍታ፣ አይፈረድብኝም፣ ባሌ ከሥራ የሚመለስ መሰለኝ። ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። ሰማዩ ያው ብሩህ ነው። ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ላይኛው በኩል ዞሮ ዝም አለ። የድሬ ሰው ዝም ሲል አይታችኋል? እኔም የመጀመሪያዬ ነበር።

ሊገፋ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ሸሸ። አይፈረድበትም። እኔም በቀለን ተዋት፣ ና ውጣ አልኩት። መኪናዬን ነው ተዋት ያልኩት! እሱ ግን ቀና አላለም። እትዬ እርስዎ ይውጡ ብሎኝ መቆፈሩን ቀጠለ።

ሀዋ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና መኪናዋን አየች። ልክ ጎሚስታ ጎማ እንደሚመርጥ።

"ሆዮ፣ አንቺ ስንት ኪሎ ነሽ?" አለችኝ።

ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ጎርፍ እየመጣ። ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ የፈነዳው ከኋላ በግራ ነው፣ ከፊት በቀኝ በኩል ከባድ ሰው ቢቀመጥ ያ ይቀላል፣ ከዚህ ሰው ሁሉ እንደ አንቺ ያለ የለም አለችኝ። ስድብ ይሁን ሙገሳ ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም። ሁለት ወዛደሮች አንስተው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡኝ። ኮፈኑ እንደ እሳት ይፋጃል። ጃንጥላዬን ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀመጥኩ። መኪናዋ እጅ ነሳች። ከኋላ በግራ በኩል ቀለል ብላ ብድግ ስትል እኔ ራሴ ተሰማኝ።

ንዳ አለችው። በቀለ ሞተሩን ቀስ አድርጎ አስነሳ፤ እሷ ከኋላ ሆና ትገፋለች፣ ያቺ ነፋስ የሚወስዳት ሴት። የረገቡት ጎማዎች ጆንያውን ያዙ፣ አሸዋውን ጠፍጥፈው ረገጡ። ወላሂ እንደ ግመል ወጣች። እኔ እስላም አይደለሁም፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ዳር ወጥተን ዞር ስል ውሃው ደረሰ። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ውሃ ሮጦ መጣ አይባልም። ቡናማ ግድግዳ ቆሞ መጣ ነው የሚባለው። ግንድ ተሸክሟል፣ ቆርቆሮ ተሸክሟል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ በር ከነመዝጊያው ቆሞ ይሄዳል። እኛ የነበርንበት ቦታ ጠፋ። ከዚያ ሽንኩርቴ ብቅ አለ። ቀዩ ሽንኩርት ሁሉ ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ፀሐይ እያረፈበት፣ እየተንሳፈፈ ከድልድዩ ሥር አለፈ። የእኔ ንብረት ነው፣ ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ኮፈኑ ላይ ተቀምጬ እንዴት ያምራል አልኩ። እግዜር አንዳንዴ ሰውን የሚያስፈራራው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሊያሳየው ነው መሰለኝ፤ እኔን የሚያህል ሰው እንኳ ትንሽ ሆንኩ።

ሀዋን ፈለግኳት። ዳሷ የለም። ሁለት ጀሪካን ነበራት፤ አንዱን ውሃው ወስዶታል፣ ሙሉውን። እኔን ሊያድን የወረደ ሰው ዕቃውን ማን ይጠብቅለት? ስለ ጀሪካኑ ትንፍሽ አላለችም። መኪናዋን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ ደህና ናት ብላ፣ ባዶውን ይዛ ሄደች።

በፈነዳው ጎማ እየተንፏቀቅን ቤት ስንገባ ለበቀለ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር። ከነአባቱ ከነአያቱ በደንብ የተሰደረ። እጁን ሳየው ጥፍሩ ሁሉ ደምቷል። ዋጥኩት። ልጄ እማዬ አሞሻል እንዴ አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በቀለ ስኮርታውን ትራሱን እንኳ ሳያወልቅ ተሸክሞት መጣ። መኪናዋን ጎሚስታው ጋ ወስጄ ጎማዎቹን አንተ እንዳልከው አድርጋቸው አልኩት። ሰውዬው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ፤ ይያዘው። ከዚያ አዲስ ጀሪካን አስገዝቼ ደቻቱ ወረድኩ። ውሃው ሄዷል፤ አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሀዋ ቦታዋ ላይ አዲስ ጥላ ወጥራ ተቀምጣለች። ጀሪካኑን አጠገቧ አስቀመጥኩና ወተት ቅጂልኝ አልኳት። በጣሳ ሰጠችኝ። በመንገደኛው ሁሉ ፊት ጠጣሁት። ጭስ ጭስ ይላል፣ ነገርኳት።

"ጠጪ ሆዮ፣ እንዳትከሺብኝ" አለችኝ። "ክረምቱ ገና አልወጣም።"

ሐኪሙ ያለኝን አሰብኩ። ተራራውን አየሁት፤ ጠቁሯል። ሁለተኛ ጣሳ አስቀዳሁ።