ግራጫና ቢጫው መታጠቢያ ቤታችን

ሰው ቤቱን የሚያሳምረው ለራሱ ነው የሚል ካለ፣ ወይ ላጤ ነው ወይ ውሸታም ነው። ቤት የሚያምረው ለእንግዳ ነው። ባለቤቱማ እግሩ የተሰበረ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ ጆሮው በወለቀ ሲኒ ሻዩን ጠጥቶ፣ ደህናውን ብርጭቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ይኖራል። ይህን አባቶቻችንም ያውቁታል። የእኛ ዘመን የጨመረው ነገር ቢኖር፣ ለእንግዳ የሚያምረውን ክፍል ከሳሎን ወደ መጸዳጃ ማዛወሩ ነው። ሥልጣኔ የሚሉት ይኸው መሰለኝ።

የእኛ ጣጣ የመጣው በልጃችን በደረጀ ነው። ደረጀ ባሕር ዳር ተቀጥሮ ይሠራል፤ እዚያው አንዲት ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላክን። የልጅቱ አባት አቶ ፈንታሁን የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸው። እሽም እንቢም ሳይሉ፣ ልጄን የምሰጥበትን ቤት በዓይኔ አይቼ መልሴን እዚያው እነግራችኋለሁ ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሙሉነሽ እንቅልፍ አጣች፤ እርሷ ስታጣ እኔም አጣሁ።

እኔ ወረታ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የዓለምን ታላላቅ ወንዞች በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ የገዛ ጣራዬ ስንት ቦታ እንደሚያፈስስ ግን ቆጥሬ አልጨረስሁም። ስለዚህ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ጣራውን እናሳድስ አልሁ። ሙሉነሽ ሳቀችብኝ። ጣራ ማን አንጋጦ ያያል፣ የከተማ ሰው የሰውን ደረጃ የሚለካው በመታጠቢያ ቤቱ ነው አለችኝ። ከስልኳም አንድ ፎቶ አውጥታ አሳየችኝ፤ ግድግዳው ግራጫ፣ የቀረው ሁሉ ቢጫ። ግራጫን እኔ የማውቀው ይፋግ ገበያ ላይ አራት እግር ኖሮት ጭነት ተሸክሞ ሲሄድ ነው። ቢጫም ቢሆን በጄሪካን መልክ ካልሆነ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ይህንኑ ብናገር፣ አንተ ምን ታውቃለህ ተባልሁ። እውነትም ምን አውቃለሁ?

ሴራሚክ የሚለጥፈው ሰው ሦስት ዓይነት ቢጫ አምጥቶ ሦስቴ ተመለሰ። አንዱ የሰናፍጭ ተባለ፣ አንዱ የታመመ ሰው ዓይን ተባለ፣ ሦስተኛው ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ብቻ አይሆንም ተባለ። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ሁሉ ለሴራሚኩም ዘሩ ተቆጠረለት። በመጨረሻ ግድግዳው ግራጫ ሆነ፤ ዙሪያውን ቢጫ መስመር ተጋደመበት፤ ቢጫ መጋረጃ፣ ቢጫ ምንጣፍ፣ ቢጫ የሳሙና ማስቀመጫ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ መስታወት ገባ። ክፍሉ አዲስ ቆርቆሮም ለብሷል፤ ለሳሎኑ ቆርቆሮ ግን ጡረታዬ አልደረሰለትም። ሻወሩ ሲከፈት ትንሽ ያስልና ዝም ይላል፤ ውኃ በፈቀደው ቀን ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጄሪካኖቻችን እዚያው ጥግ ተደረደሩ። ሙሉነሽ ትንሽ ራቅ ብላ አየቻቸውና፣ ከቀለሙ ጋር እንዴት ሄዱ አለች። ፎቶውን ያነሣው ፈረንጅ ሳይታወቀው ወረታን አስቦ መሆን አለበት።

እስኪ ልታጠብበት ብል፣ እንግዳው ሳይመጣ ማንም እንዳይገባ ታዘዘ። እኔም ግራጫና ቢጫ መታጠቢያ ቤት እያለኝ፣ ጓሮ ሳፋ ላይ ቆሜ እታጠባለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሲሳይ በርብ ወንዝ በኩል ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ሥራ እንዳለቀ መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደ አዲስ ቤት ደንብ፣ «ቤት ለእምቦሳ» አለ። ሙሉነሽም መቼም ደንብ ነውና «እምቦሳ እሰሩ» አለች። ያንን ምንጣፍ ጥጃ ሲታሰርበት ታይቷት ይሁን እንጃ፣ ድምጿ አልወጣላትም። ጋሼ ሲሳይ አንድ እግሩን ቢያስገባ የዋልካ ጭቃው ሴራሚኩ ላይ ታተመ። ገና ዞር ሳይል ሙሉነሽ በመወልወያ ተከተለችው። አየና እግሩን መልሶ ወጣ። እኔም እንዳላየ ሆንሁ፤ በዚህም ዛሬ ድረስ አፍራለሁ።

አቶ ፈንታሁን እሑድ ሊመጡ፣ ጋሼ ሲሳይ ቅዳሜ ሩዙን በጋሪ ጭኖ ወደ መፈልፈያው ወጣ። ወረታ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ መፈልፈያው ቆሟል። መብራት በሌለበት ደግሞ፣ በኅዳር ወር፣ ያልተጠራ ዝናብ መጣ። በእኛ አገር በፎገራ የኅዳር ዝናብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ የዓመት ድካም ጆንያ ውስጥ ሊበቅል ነው ማለት ነው። ወንድሜ ጋቢውን ከላዩ ገፍፎ ጆንያዎቹ ላይ ዘርግቶ፣ ራሱ እየበሰበሰ በራችን ላይ ቆመ። ሳሎኑን አየሁ፣ ሦስት ቦታ ያፈስሳል። መኝታ ቤቱ ከሳሎኑ ይብሳል። በግቢው ውስጥ ደረቅ ነገር ቢኖር አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ሙሉነሽን አልጠየቅኋትም። በጋብቻ ዘመኔ ሳልጠይቃት ያደረግሁት ይህን አንድ ነገር ነው። አሥራ አራት ጆንያ ሩዝ ተራ በተራ ገባ፤ መስታወቱ ተሸፈነ፣ ቢጫው መጋረጃ በሁለት ጆንያ መካከል ተጣብቆ ቀረ። ሙሉነሽ አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «የልጄን ጋብቻ አስቀረህበት» ብቻ አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ አቶ ፈንታሁን መጡ። ሳሎን ተቀምጠው ጣራው ላይ ውኃው የሣለውን ካርታ በዓይናቸው ዞሩት፤ የጂኦግራፊ መምህር ቤት ነውና ቢያንስ ካርታ አልጠፋም። ምሳ በሉ፣ ፊታቸው ግን አልፈታ አለ። እጅ ለመታጠብ ሲነሡ ሙሉነሽ ውኃውን እዚሁ ላምጣልዎ ብላ ለመነች። እኔ ልሂድ እንጂ ምን አደክማችኋለሁ ብለው ወጡና በሩን ከፈቱት። ከኋላቸው ስደርስ አንድ ጆንያ ፈትተው ጥቂት ሩዝ መዳፋቸው ላይ አሽተዋል። ገለባውን እፍ አሉና ፍሬዋን በጥርሳቸው ሰበሯት።

«ብዙ ገበሬ አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጎተራው ሞልቶ እስከ መታጠቢያ ቤት የተረፈለት ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

የእኔ አይደለም ልል አፌን ስከፍት ሙሉነሽ እግሬን ረገጠችኝ። የቀደመን ግን ለምሳው አብሮን የዋለው ጋሼ ሲሳይ ነው። «እንዲህ ነው ወንድሜ» አለ፤ «ያለውን ለሰው አይናገርም።» ስታስቡት አልዋሸም፤ የሌለኝን ምን ብዬ እናገራለሁ? አቶ ፈንታሁን እጃቸውን መታጠቡንም ረስተው፣ እዚያው ጆንያው አጠገብ ልጃቸውን ሰጡን። ደስ አለኝ፣ ደግሞም አፈርሁ። እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ሠርጉ ይለፍ ብቻ።

ማግስቱን ፀሐይ ወጣ። ጋሼ ሲሳይ ሩዙን ሊወስድ የመጣ መስሎኝ ጋሪ ልጠራለት ተነሣሁ። ሙሉነሽ ቢጫውን ምንጣፍ ከጆንያ ሥር ጎትታ አውጥታ እግሩ ሥር አነጠፈችለት፤ «ይርገጡት ጋሼ፣ ምን ቸገረዎ» እያለች። ረገጠው። ግራጫውን ግድግዳ በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ጣራውን አየ፣ አይጥ የምትገባበት ቀዳዳ ፈልጎ አጣ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«ከይፋግ እስከ ሐሙሲት እንዲህ ያለ ጎተራ የለም» አለን። «ሩዙ እዚሁ ይክረም። ለከርሞ አዝመራው ሳይበዛ አይቀርምና አንድ ክፍል ጨምሩ። ቢጫውን ግን ተዉት፤ ለሩዝ ምን ያደርግለታል?»