የቀየት ነጂዎች አማካይ ፍጥነት

ሳይንስ መንዝ ውስጥ ካለችው ቀየት የገባችው በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ በጥቅምት የገበያ ቀን፣ በስምንት ጎልማሶች ትከሻ ላይ ሆና ነው። የመኪና መንገድ ስለሌለ ሌላ መግቢያ አልነበራትም። መልኳ የእንጨት ሣጥን ሲሆን ውስጡ ወንበር፣ መሪና ፍሬን አለው፤ ፊት ለፊቱ መንገድ የተሣለበት ረጅም ሸራ እየተጠቀለለ ያልፋል። ሳይሄዱ የሚሄዱበት መኪና ማለት ነው።

ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱት አጥኚ አቶ ሀብተ ማርያም ሕዝቡን ሰብስበው ዓላማውን አስረዱ።

«የመንዝ ገበሬ መኪና ቢይዝ እንዴት ይነዳል የሚለው፣ በዓለም ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። እናንተ ትነዳላችሁ፣ እኛ እንመዘግባለን፣ ኮምፒውተር የሚባለው የሒሳብ መኪና ያሰላል፣ እኔም ለሊቃውንት ጉባኤ አነባለሁ።»

ጭቃ ሹሙ አቶ ፈንታ ብድግ አሉ። «መንገዱስ?»

«ውጤታችሁ ካማረ፣ ለእናንተ ያልተሠራ መንገድ ለማን ሊሠራ ነው?»

አቶ ፈንታ ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰሙም። ባለፈው ክረምት ምራታቸው ጥሩሸዋ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ሐኪም ሲወስዷት፣ ገደሉን ሳትሻገር ሞታባቸዋለች። ስለዚህ ተፈታኞቹን ለብቻ ጠርተው መከሩ።

«የጨዋ ልጅነታችሁን አሳዩ። እንደ ዋልጌ እንዳትጋልቡ። ሰው ካያችሁ ቁሙ።»

ሕዝቡም ታዘዘ። አቶ ገብረ ክርስቶስ ሸራው ላይ የተሣለ ሽማግሌ ቢያዩ ፍሬኑን ረግጠው፣ ከሣጥኑ ወርደው እጅ ነሡ። ወይዘሮ ዓለሚቱ በግ ሲያቋርጥ አይተው ቆሙ። ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ይቆማልና በጉም ቆመ፤ በጉ ስለቆመ እሳቸውም ቆሙ። ሁለቱ እንደተያዩ ምሳ ሰዓት ደረሰ። አሮጊቷ እማሆይ ወለተኪዳን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ወርደው ሸራውን ተሳለሙ።

«ስንት ደቂቃ ልበል?» አለ መዝጋቢው።

«ጸሎት በደቂቃ አይለካም፣ ልጄ። ዝም ብለህ ጻፍ።»

ሳይንስ የምትጽፈው ያየችውን እንጂ ምክንያቱን አይደለምና፣ እሱም ሁሉን በታማኝነት ጻፈ።

በሚያዝያ፣ ጥናቱ በጉባኤው ተጨብጭቦለት ሲያበቃ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከመንግሥት መጣ። የመንደሩ መምህር አስፋው በሕዝብ ፊት አነበቡት።

«በአርባ ሰባት ነጂዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ የመንዝ ሰው አማካይ ፍጥነት በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል መሆኑ ተረጋግጧል። በቅሎ በሰዓት ስድስት ትሄዳለች። ስለሆነም አካባቢውን በመኪና ማገልገል ወደ ኋላ መመለስ ሆኖ ስለተገኘ፣ የተጠየቀው መንገድ ቀርቶ በበቅሎ እንዲቀጥል ተወስኗል። አንድም አደጋ ባለመድረሱ ግን እንኳን ደስ ያላችሁ።»

አቶ ፈንታ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ጨዋ ሁኑ ያልኳችሁ እኔ ነኝ።»

«የለም» አሉ እማሆይ ወለተኪዳን። «የእርስዎስ ጥፋት ሣጥኑ ውስጥ እኛን ማስገባትዎ ነው። በቅሎዋን አስቀምጠዋት ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይሄኔ ደርሶ ነበር።»