ሥልጣን የለቀቁት ጎረቤቴ

ጎረቤቴ ፕሬዚዳንት ነበሩ ስላችሁ የዕድር ወይም የኳስ ቡድን እንዳይመስላችሁ። የአገር ነው! ባንዲራና ጦር ሠራዊት ያለው አገር። አሁን እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ከቤቴ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ጠዋት በነጠላ ጫማ ወጥተው የቆሻሻ ቢኑን ይጎትታሉ።

ስማቸው ሚስተር ጆዜፍ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ናቸው፤ ሰፈሩ ያለነው ሐበሾች ግን "ጋሼ ፕሬዚዳንት" እንላቸዋለን። ከባለቤታቸው ከእትዬ ማሪ ጋር ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ታሪካቸውን የነገረችኝም ልጃቸው ናት። መጀመሪያ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ከዚያ ፓርላማ ገቡ፣ ቀስ እያሉ አፈ ጉባኤ ሆኑ። አንድ ቀን የአገሩ ፕሬዚዳንት በድንገት ሞተ። ሕጉ ደግሞ ምርጫ እስኪደረግ አፈ ጉባኤው ይምራ ይላል። በቃ፣ የጂኦግራፊው መምህር ቤተ መንግሥት ገቡ! ለጥቂት ወራት መሩ። ጄኔራሎቹ መጥተው "ምን አስቸኮለዎት? ምርጫውን እናራዝመው" ቢሏቸው እምቢ አሉ። ምርጫ አደረጉ፣ ላሸነፈው አስረከቡ፣ ቤታቸው ገቡ።

ይህን ለባለቤቴ ለሰናይት ብነግራት አላመነችም። "ማንም ሳይገፋቸው? አሟቸው ነበር እንዴ?" አለች። ምን ታድርግ? የዕድራችን ሰብሳቢ እንኳ እኛ አሜሪካ ሳንገባ ነው የተመረጠው፤ እስካሁን አለ።

ባለፈው ሰመር ልጄ ሊያ በብስክሌት መንገድ ስታቋርጥ አንድ መኪና እየበረረ መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ መኪናው ተንሸራተተ፣ የብስክሌቷን ጎማ ገጭቶ ቆመ። ሊያ ወደቀች። ሮጬ ሳነሳት "አይም ፋይን፣ ዳድ" ትለኛለች።

በማግስቱ ጎረቤቶች ጋራዤ ውስጥ ሚቲንግ አደረግን። ሁሉም መኪና የሚያስቆም ምልክት፣ ስቶፕ ሳይን፣ ይተከል ይላል። ከተማው ምክር ቤት ድረስ ማን ይሂድልን? አንዱ ዌርሃውስ ይሠራል፣ ሌላው ትራክ ይነዳል። ዞር ብለን ጋሼ ፕሬዚዳንትን አየናቸው።

"እኔ ጡረተኛ ነኝ" አሉ። ከዚያ የሊያን የተላጠ ጉልበት አዩ። "እሺ። ምልክቱ እስኪተከል ብቻ።"

ወዳጄ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ምን እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። በዚያ ሙቀት ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለምልክቱ ፊርማ ሊያሰባስቡ በር ለበር ዞሩ። የሰው ስም ቀርቶ የውሻውን ስም እንኳ ያዙ። ለእኔ በሩን ከፍቶልኝ የማያውቅ ሰውዬ ሎሚናት ቀድቶላቸው ፈረመ።

በስብሰባው ቀን ወደ ከተማው ምክር ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ። ለተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በ"የተከበራችሁ" ብቻ እንዳይጨርሱት ፈራሁ። ተነሡ።

"እኔ አገር መርቻለሁ" አሉ። "ታንክ በፊቴ ሲያልፍ እግሬ አልተንቀጠቀጠም። አንዲት ልጅ ከብስክሌቷ ወደቀች ሲሉኝ ግን ተንቀጠቀጠ። እባካችሁ፣ ምልክት ትከሉልን።"

ተቀመጡ። በቃ። እኔ ዓይኔን የምጠርግበት ሶፍት ፍለጋ ኪሴን በረበርኩ።

በረዶ ሳይጥል ምልክቱ ተተከለ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ዶሮ ጠበስን። ጋሼ ፕሬዚዳንት ቆሙና "እንግዲህ ሪዛይን አድርጌያለሁ" አሉ። ጩኸት ሆነ። የመንገዱ መብራትስ? በረዶውን ማን ያስጠርግልን? ብንል ብንሠራ፣ ወይ ፍንክች።

እኔም ተነሥቼ ንግግር አደረግሁ። "እኚህ ሰው ሥልጣን ሲለቁ ይህ ሁለተኛቸው ነው! አፍሪካ ከእሳቸው ትማር!" አልኩ። ተጨበጨበ።

ስቀመጥ እትዬ ማሪ በሳቅ ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

"የምን መልቀቅ?" አሉኝ። "ያኔ ጄኔራሎቹ ሲመጡ 'እስቲ ላስብበት' ብሎ ነበር እኮ። ሻንጣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። 'እኔ ሰኞ ቤቴ እገባለሁ፤ አንተ ከቀረህ ካልሲህን ጄኔራሎቹ ይጠቡልህ' አልኩት።"

ጋሼ ፕሬዚዳንትን አየኋቸው። አቀርቅረው የዶሮ እግር ይግጣሉ።

"ዛሬስ ምን አሏቸው?" አልኩ።

"ዛሬማ ምንም አላልኩም" አሉ እትዬ ማሪ። "አየሁት ብቻ።"