ሁሉን የሰማች ተፈታኝ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ለእኔ ቢጤው የችሎት ጸሐፊ ሳይነገር አልቀረም። መወረሱን እንጃ። ወጣቶች «ሥራው ገበያ አለው?» ሲሉኝ፣ ሰው እስከተካሰሰ ድረስ የሚጽፍ ይፈለጋል እላለሁ። ይፈለጋል ማለት ግን ይቀጠራል ማለት አይደለም፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። አሶሳ ገበያ ጆንያ እየተሸከምኩ ነው ታይፕ የተማርኩት። ጆንያ የጨበጠ ጣት ፊደል እስኪለምድ ያየውን አይቷል። ስለዚያ ይህ ይበቃል።

በቅርቡ ከእኔ ጎን አንድ የጸሐፊ መደብ ተከፈተ። የጎረቤቴ ልጅ ሀዋ ተመዘገበች። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ከኮሌጅ ወጥታ ቤት ከተቀመጠች ቆየች። አባቷ ይህ ካልተሳካ ድንበር ላይ ካለችው ኩርሙክ አጎቷ ሱቅ ሊልካት ቆርጧል። እሷ ደግሞ ከሱቅ ሞት ይሻለኛል ባይ ናት።

ፈተናው ችሎት ገብቶ የሚባለውን በኮምፒውተር መጻፍ ነበር። እኔ ቦታዬ ላይ ሆኜ ሀዋን አያታለሁ። አንድ ሽማግሌ ለምስክርነት ቀረቡና «ፍየሎቹ ማሽላውን ሲበሉ አይተዋል?» ተባሉ። የእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ያለውን በአንድ ቃል አይመልስም፤ ነውር ነው። በበርታኛ ከዝናቡ ጀመሩ፤ የታመመች አህያቸውን፣ መንገድ ላይ ሰላም ያሏቸውን ሁሉ አነሱ። የችሎቱ አስተርጓሚ ጉሮሮውን ጠርጎ፦

«አላየሁም ነው የሚሉት፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ሌሎቹ ተፈታኞች አንድ መስመር ጽፈው እጃቸውን አጣጠፉ። ሀዋ ግን በርታኛውን እየሰማች በአማርኛ ታወርደዋለች። የአስተርጓሚውን ብቻ ጻፊ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ችሎት ውስጥ መጮህ ደግሞ ያስቀጣል። ሁለተኛው ምስክር ገብቶ ወጣ። እሷ ገና አህያዋ ላይ ናት።

ወደቀች። መዝገብ የሚቀበለው አስተርጓሚው ያለውን ነዋ!

ውጭ ማንጎው ሥር የጻፈችውን ለሽማግሌው ነገረቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ልጅ እኔ የተናገረው ሁሉ ጻፈ። ለምን አልቀጠረም?»

«አብዝታ ሰምታ ነው፣ አባቴ።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ከሀዋ ጋር ባጃጅ ስንጠብቅ ላጽናናት አስቤ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ ግልገል በለስም ይሄው መደብ ወጥቷል አሉ።»

«እዚያ ምስክሩ ጉሙዝኛ ነው የሚናገረው። አንዲት ቃል አትሰሚም!»

«እኮ! እዚያማ አልፋለሁ።»