ጊዜያዊው ፕሬዚዳንት

ሊቀመንበር አይመረጥም። አንድ ቀን ስብሰባ ስትገቡ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ማን እንዳስቀመጠው የሚያስታውስ የለም፤ መቼ እንደሚነሳ የጠየቀ ሰው ካለ ደግሞ "ይህ በአጀንዳው አልተያዘም" ይባላል። አምስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ይህ ሰው አለ። የእናንተውን ሰው ስም እናንተ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር የምንኖረው የእኛ ክቡር ሊቀመንበር አቶ መልከጸዴቅ ይባላሉ። አንቱ የምላቸው ከአክብሮት እንዳይመስላችሁ። አንተ ለማለት መቀራረብ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስናደድባቸው ስለኖርኩ ለመቀራረብ ጊዜ አላገኘሁም።

ማኅበራችን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። አስራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። "እስቲ ለዛሬ ማን ይምራው?" የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሁላችንም ጫማችንን ስናይ አቶ መልከጸዴቅ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱና "ለጊዜው እኔው ልያዘው" አሉ። ሄደው ከፊት ተቀመጡ። ወዲያው ቀና ብለው "ቃለ ጉባኤውን እህታችን ሣህሊቱ ትጻፈው፤ የሴት እጅ ጽሑፍ ይነበባል" አሉ። እህታችን ሣህሊቱ እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ "ጊዜያዊ ሊቀመንበር" ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ጊዜያዊ የተባለ መንግሥት አገር ቤት ስንት ዓመት እንደቆየ የምናውቅ ሰዎች ያቺን ቃል ሰምተን እንዴት ዝም እንዳልን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ያልያዙት ነገር የለም። የማኅበሩን ማኅተም በኮታቸው የውስጥ ኪስ፣ የምድር ቤቱን ቁልፍ በቀበቷቸው፣ በጋ ሲመጣ የኳስ ዳኛውን ፊሽካ በአንገታቸው ይይዛሉ። አንድ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ፊልም እስኪቀይር ድረስ የኬኩን ቢላ "ለጊዜው እኔው ልያዘው" ብለው ተቀብለው፣ ሙሽራው ለምኖ ነው ያስመለሰው። አንድ ለቅሶ ላይ "ሟቹን በቅርብ ባላውቃቸውም" ብለው ጀምረው አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ለሟቹ ልጅ የተረፋት ሁለት ደቂቃ ነበር፤ እሷንም በለቅሶ ጨረሰቻት።

አንድ ጊዜ ደፍሬ ምርጫ ይደረግ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ተደገፈ። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም። ጥናቱ ይኸው እየተጠና ነው።

በሥራ ቦታቸውም ቢሆን ተቀማጭ ናቸው። መሀል ከተማ ካለ አንድ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ በመስታወት ዳስ ውስጥ ይውላሉ። ከፊታቸው ያለችው አግዳሚ ብረት የምትነሳውም የምትወርደውም በእሳቸው ፈቃድ ነው። አንድ ቀን የዶክተር ቀጠሮ ረፍዶብኝ ስገባ አዩኝና፣ "እህታችን ሣህሊቱ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ገጽ ሦስት ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል" ብለው ብረቷን ሳያነሱ አቆሙኝ። ከኋላዬ ሰባት መኪና ጡሩምባ ይነፋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ፊልም ሲሠራ አስቡት። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእርግጥ የእናቴም ነው።

እናቴ እማማ ደስታነሽ በዚያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሰባ አንድ ሞልቷት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በምድር ቤቱ ለሽማግሌዎች በማስተምረው የዜግነት ትምህርት ትማር ነበር። የምትማረው አገሬ ለምትባለው እህቴ ብላ ነው። አገሬ የምትኖረው ደሴ ነው፤ ባልና ሦስት ልጆች አሏት፤ ያገባ ልጅ ለማምጣት ማመልከት የሚችል ደግሞ ዜጋ የሆነ ወላጅ ብቻ ነው። እናቴ ይህችን ነገር ከፈተናው መቶ ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድማ በቃሏ ይዛታለች።

ለዜግነት ፈተናው መጀመሪያ ስትቀርብ ባንዲራውን መለሰች፣ ኮንግረስን መለሰች። ከዚያ ፈታኙ ፕሬዚዳንት ለስንት ዘመን ሊያገለግል እንደሚችል ጠየቃት። እናቴ ሳታመነታ "አንቲል ጋድ" አለች። እግዚአብሔር እስከፈቀደለት ማለቷ ነው። ሰውየው ቀስ ብሎ ደገመላት። እሷም አልገባውም ብላ በጣቷ ጣሪያውን እያሳየች፣ እሱ ያውቃል ለማለት፣ "ጋድ ኖው" አለችው። ሌሎችም ጥያቄዎች ተደናበሩባትና ወደቀች። የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ከወደቀች ማመልከቻው እንደገና ከሀ ይጀመራል።

መኪና ውስጥ ተጣላን።

"ሁለት ጊዜ ነው እማዬ። አራት አራት ዓመት፣ ሁለት ጊዜ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቤቱ ይሄዳል።"

በአዘኔታ አየችኝ። እናቴ በዕድሜዋ ሁለት መሪ ሲነሳ አይታለች። አንዱ በትንሽ መኪና ተወሰዱ፣ ሌላው በአውሮፕላን ጠፉ።

"ማን አየው?" አለችኝ።

የማየት ጉዳይ ከሆነ እናሳያታለን አልኩና የፊልም ጽሑፍ ጻፍኩ። አሥር ደቂቃ የሚሆን በአማርኛ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሁለት ዘመናቸውን ይጨርሳሉ፤ ሰው ሁሉ ቆዩልን ይላቸዋል፤ በቃኝ ብለው ከወንበራቸው ይነሱና ቤታቸው ይሄዳሉ። ሠርግ የሚቀርጸው ፊሊጶስ ካሜራውን ይዞ ሊመጣ ተስማማ። ፕሬዚዳንቱን ማን ይሁን ስል፣ ከፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰው ምን እንዳሉ መገመት አያቅታችሁም።

ቅዳሜ ጠዋት በምድር ቤቱ ተሰበሰብን። የእናቴ ፈተና ሐሙስ ነው። የገላ መታጠቢያ ቆብ ላይ ጥጥ ለጥፈን ነጭ ጠጉር ሠራን። ሆቴል በር ላይ ከሚሠራ ዘመዴ ባለ ወርቃማ ቁልፍ ካፖርት ተዋስኩ። እናቴ ከፊት ወንበር ይዛ ተቀመጠች።

መቼም እውነት አይደበቅም። አቶ መልከጸዴቅ ያንን ጥጥ አድርገው፣ ካፖርቱን ሰብሰብ አድርገው ሲቀመጡ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉ፣ የቀረበላቸውን ወረቀት ሳያነቡ ሲፈርሙ፣ ምክትላቸው ሆኖ የሚጫወተውን የማኅበራችንን አባል ሙላውን ቀና ብለው ሳያዩ ሲያናግሩት፣ የቆዳቸው ቀለም ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እናቴ ራሷ ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር።

"ጋሼ፣ ፐርፌክት ነው" አለ ፊሊጶስ። "ኦኬ፣ ሶ አሁን ይነሱና ይውጡ።"

መከራችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ተነሱ፣ ሁሉንም ጨበጡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለተኛ ጊዜ ግማሽ ድረስ ተነሱና "ሕዝቡ ካልፈቀደ ግን" የሚል እኔ ያልጻፍኩትን ንግግር ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሙላው "ክቡርነትዎ፣ ታዲያ አገሪቱን ማን ይያዛት?" አላቸው፤ ጽሑፉ ላይ ያለ ቃል ነው። ፕሬዚዳንቱ ትንሽ አሰቡና "ለጊዜው እኔው ልያዛት" አሉ።

ፊሊጶስ ካሜራውን አወረደ። እኔ ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

"ቆይ፣ አንድ ነገር ይብራራልኝ" አሉ አቶ መልከጸዴቅ። "እኚህን ሰውዬ ማነው የገለበጣቸው?"

"ማንም አልገለበጣቸውም።"

"ታመው ነው?"

"ደህና ናቸው።"

"ጦሩ ከድቷቸው ይሆናል።"

"ጦሩ ይወዳቸዋል ጋሼ መልከጸዴቅ። በቃኝ ብለው ነው።"

"በቃኝ ብለው" አሉና ጥጣቸውን አከኩ። "ይህንን ሰው አያምንም።"

አራተኛውን ሲሠሩ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። እናቴ በድንጋጤ ዞራ "ወዴት እየወሰዱት ነው?" አለችኝ።

ያኔ አስራ አንድ ዓመት የያዝኩት ወጣ። "ጋሼ መልከጸዴቅ" አልኩ፣ "ሐሙስ እናቴ ፈተና አላት። እህቴ የምትመጣው እሷ ካለፈች ነው። ማኅተሙን ይያዙ፣ ቁልፉን ይያዙ፣ ፊሽካውንም ይያዙ። አንዲት ቀን፣ ለፊልም እንኳ፣ ከወንበር መነሳት እንዴት ያቅትዎታል?" ሙላው ጣሪያውን ያያል። እሳቸው ግን አልተቆጡም። በዝግታ "እኔ ራሴ ካላመንኩት እሳቸው እንዴት ያምናሉ?" ብለው በአገጫቸው ወደ እናቴ አመለከቱ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ቆዩ እስቲ። ይኼ ሰውዬ ቤቱ ማን አለው?"

"ሚስት አላቸው" አልኩ። "እርሻም አላቸው።"

"ታዲያ እንዲያ አትሉም? ናፍቆት ነዋ።" ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። "አንተስ ልጄ፣ ቤትህ ማን አለ?"

አቶ መልከጸዴቅ ከካፖርቱ ቁልፎች አንዱን ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ።

"ማንም የለም እማማ። ቤቴ ፌደራል ዌይ ነው፣ ራቅ ይላል። ቴሌቪዥን አለ።"

ስድስት ደብተር ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። የስልክ ቁጥራቸውን፣ የሰጡትን ድምፅ፣ የተናገሩትን እያንዳንዱን "ለጊዜው" መዝግቤያለሁ። ይህችን አንዲት ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ንዴቴ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ በቀላሉ የሚጠፋ ንዴት አይደለም የእኔ። የሚቀመጥበት ግን አጣ።

"እንግዲያው ወደ እኔ ቤት እየሄድክ ነው በል" አለች እናቴ። "ምስር ወጥ አለ።"

ፊሊጶስ ካሜራውን አነሳ። ፕሬዚዳንቱ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ሙላው ያንኑ ጠየቀ፦ "ክቡርነትዎ፣ ታዲያ አገሪቱን ማን ይያዛት?" ከኪሳቸው ማኅተሙን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው አጠገቡ አደረጉ። "በቃኝ" አሉና ተነሱ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርገው አስተካከሉት። ከዚያ ረሀብ እንደያዘው ሰው ፈጠን ብለው ወጡ። ፊሊጶስ ተከተላቸው። ደረጃውን ወጡ፣ ወደ ካፊያው ገቡ፣ መኪናቸውን አስነሱና ሄዱ።

እናቴ ከኋላቸው እያየች "እህ" አለች። "እንዲህ ነው?"

ይመለሳሉ ብለን ጠበቅን። አልተመለሱም። ዕቃችንን ሰብስበን ከቤታችን ስንደርስ በራችን ላይ ፓርክ አድርገው፣ ጥጡን እንዳደረጉ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘናቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ቤት ማንም አልነበረም" አሉ። ምሳ በሉ። ሁለተኛ እንጀራ ሲቀርብላቸው እንደ ልማዳቸው ንግግር ሊያደርጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ "ብላ" አለቻቸውና በሉ።

እስከ ሐሙስ እናቴ ያንን ካሴት እያጠነጠነች ያየችው አንዱን ቦታ ብቻ ነው፤ ወንበሩን ገፋ የሚያደርጉበትን። ሐሙስ ፈታኙ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። "ቱ" አለችው ሁለት ጣቷን አውጥታ። ሰውየው ሊጽፍ ሲል አልጨረሰችም ነበር። "ዜን ጎ ሆም" አለች። "ኢት።" ሁለት ዘመን፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ይብላ። ፈታኙ ሳቀ፣ እሷም አብራው ሳቀች፤ አለፈች። የእህቴ የአገሬ ማመልከቻ በዚያው ወር ገባ፤ ተራ እየጠበቀ ነው።

በቀጣዩ ወር ስብሰባ አቶ መልከጸዴቅ መጡና ከኋላ ተቀመጡ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። ማኅተሙና ቁልፉ ከጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሠላሳ ሰው ጫማውን ያያል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ዝምታው አናደደኝና ከአፌ የወጣውን እኔው ሰማሁት፦ "ለጊዜው እኔው ልያዘው።" ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ አስራ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን አልኩ፦ "ቃለ ጉባኤውን ወንድማችን መልከጸዴቅ ይጻፉት።"

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ማኅተሙ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ምርጫ በተነሳ ቁጥር በአጀንዳው አልተያዘም። እሳቸው እሁድ እሁድ እናቴ ዘንድ ይበላሉ፤ የቀሩ እንደሆነ እኔ ነኝ ኮል የማደርገው፣ የምቆጣውም እኔ ነኝ። አንቱታው አልቀረም፤ አሁን ግን ከልቤ ነው። ጽሑፋቸው ከእኔ ይበልጣል፣ ነጠላ ሰረዝ አይጎድልም። በየገጹ ከስሜ በፊት ያለችውን "ጊዜያዊ" ሁለት ጊዜ ያሰምሩባታል።

ያለፈው ወር ስብሰባ ካለቀ በኋላ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ወጥቷል። እሳቸው ኮቴን ይዘው በሩ ጋ ቆመው "እማማ ምሳ እየጠበቁን ነው" አሉኝ። አንድ ጊዜ ብዬ ደብተሩን ሳብኩና የጻፉትን የመጨረሻ መስመር አነበብኩ። "ስብሰባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተዘጋ" ይላል። "ጊዜያዊ ሊቀመንበሯ ግን እስካሁን አልተነሱም።"